«የኔ ልጅ ይራመዳል፣ ለምን ይቀመጣል?» ስለ ስሌድ ሆኪ ሁሌ የምሰማቸው ስህተቶች

ሚኒሶታ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስሌድ ሆኪ የሚጫወቱ ልጆችን አግዛለሁ። እግራቸው ላይ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ስሌድ የሚባል ዝቅ ያለ መንሸራተቻ ላይ ተቀምጠው የሚጫወቱት የበረዶ ሆኪ ነው፣ ፓራሊምፒክ ላይ ፓራ አይስ ሆኪ ይሉታል። የኛ ወላጆች ስለሱ የሚሉኝን መስማት በጣም ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው።

«ሰው ነው የሚገፋቸው።» አይደለም። ሁለት አጫጭር ዱላ ይይዛሉ፣ ባንዱ ጫፍ ፓኩን (እንደ ኳስ የሚመታውን ጠፍጣፋ ጎማ) ይመታሉ፣ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው የብረት ጥርስ በረዶውን እየቧጠጠ ወደፊት ይወስዳቸዋል። ክንዱ ለደከመ ልጅ ክለብ ውስጥ የሚገፋው ሰው ይኖራል፣ ነውርም የለውም።

«ቀለል ያለ ጨዋታ ነው።» መጋጨት ይፈቀዳል! የስሌዱን አፍንጫ ሰው ጎን ላይ መሰካት ነው የሚያስቀጣው።

«አሜሪካኖች ያመጡት ነው።» በ1960ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) ስቶክሆልም አንድ የማገገሚያ ማዕከል ውስጥ ነው የተጀመረው፣ 1994 ሊልሃመር (ኖርዌይ) ላይ ፓራሊምፒክ ሲገባም ወርቁን የወሰደችው ስዊድን ናት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፣ «ይሄ ዊልቸር ላይ ላሉ ነው፣ የኔ ልጅ ይራመዳል»። ስንቱ ተጫዋች በእግሩ እየሄደ ነው የሚመጣው፣ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ አርቲፊሻል እግሮች ጫማቸውን እንዳደረጉ ግድግዳው ስር ተደርድረው ታያላችሁ፣ ባለቤቶቹ በረዶው ላይ ናቸው። ጥያቄው ቆሞ በረዶ ላይ መንሸራተት ይችላል ወይ ነው እንጂ ይራመዳል ወይ አይደለም።

አንዲት እናት ሴሬብራል ፓልሲ (ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለበት የ11 ዓመት ልጅ አላት። «እህቴ፣ ስንት ዓመት ለፍቼ ያቆምኩትን ልጅ መልሰሽ ልታስቀምጪው ነው?» አለችኝ። ልፋቷን አውቀዋለሁ፣ ግን በሳምንት አንድ ሰዓት መቀመጥ መራመድ አያስረሳም። ደግሞ ስሌድ ላይ መቀመጥ ወንበር ላይ እንደመቀመጥ አይደለም፣ ከስር ሁለት ስለት ነው ያለው፣ ወገቡን ካልተቆጣጠረ ይገለበጣል። ለጀማሪ ስለቶቹን አራርቀን እናስራለን፣ እየጎበዘ ሲሄድ እናቀራርባቸዋለን፣ ያኔ መታጠፉ ይፈጥናል ሚዛኑ ግን ይከብዳል።

ስሌድ ለመግዛት አትሩጡ፣ ብዙ ክለቦች ያውሳሉ። ወፍራም ካልሲ አድርጉላቸው፣ እግሩ ላይ ስሜት የሌለው ልጅ ከሆነ ደግሞ ከጨዋታ በኋላ ካልሲውን አውልቃችሁ ቆዳውን በደንብ እዩ፣ ብርዱ ወይ ማሰሪያው ቢጎዳው አይሰማውምና አይነግራችሁም፣ እባካችሁ ይሄን አትርሱ።

ያ ልጅ ባለፈው ወር ስለቶቹን አቀራረብንለት። ሶስቴ ወደቀ። በሶስተኛው እናቱ ከመቀመጫዋ ተነስታ ወደ በሩ ስትሮጥ አይቷት «እማዬ አትምጪ!» ብሎ ጮኸ፣ ከዛ በክርኑ ገፍቶ ራሱ ተነሳ።