የምርመራ ልብ ወለድ፦ የጥንቱ ደንብ በዛሬው ድርሰት፣ ከጎንደር ሲታይ

የምርመራ ልብ ወለድ ወንጀል ተፈጽሞ፣ ፍንጭ ተለቅሞ፣ በመጨረሻ ጥፋተኛው የሚታወቅበት ድርሰት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩ የሚጀመረው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ካሳተመው አጭር ልብ ወለድ ነው። ከዚያ በፊትም በቻይና አስተዋይ ዳኛ ወንጀል የሚያወጣባቸው ታሪኮች ስለነበሩ ቀዳሚነቱ ያከራክራል። የምናውቀው አደራደር ግን የፖ መሆኑ አያጠራጥርም፦ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሬሳ፣ ግራ የገባው ፖሊስ፣ ከሁሉ የሚልቅ አስተዋይ፣ ታሪኩን የሚነግረን ጓደኛው። አርተር ኮናን ዶይል በ1887 መርማሪውን ሼርሎክ ሆምስንና ታሪኩን የሚነግረንን ጓደኛውን ዶክተር ዋትሰንን ሲያመጣ ይህንኑ አሰፋው።

ደንቡ የጠበቀው በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ነው። አጋታ ክሪስቲ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን በ1920 አወጣች። በ1929 እንግሊዛዊው ቄስ ሮናልድ ኖክስ አሥር ደንቦች ጻፈ። ጥፋተኛው ከጅምሩ የተዋወቅነው ሰው ይሁን። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ አንባቢም ይየው። መርማሪው ራሱ ወንጀለኛ አይሁን። መንፈስና ተአምር አይግባ። የምስጢር መተላለፊያ ካለም ከአንድ አይብለጥ። በ1930 ለንደን ላይ የተቋቋመው የደራሲዎች ክበብ አባላቱን በዚህ መንፈስ ያስምል ነበር።

እንዲህ ያለው ሐቀኛ ጨዋታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። "እንቆቅልህ" ሲባል "ምን አውቅልህ" ብሎ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ጠያቂው ምልክቱን እዚያው ጥያቄው ውስጥ ያስቀምጣል። መልሱ ያቃተው አገር ይሰጣል፤ ስንት ጊዜ ጎንደር ተሰጥታለች!

የዛሬ ደራሲዎች ከዚህ ሁሉ ብዙ ተበድረዋል። ሞባይል፣ የደኅንነት ካሜራና የዲኤንኤ ምርመራ ምስጢርን ቶሎ ስለሚያወጡ፣ ሰዎቹን ኔትዎርክ ወደሌለበት ደሴት ወይም በረዶ ወደዘጋው ሆቴል ይወስዷቸዋል። የተቆለፈው ክፍል ሰፋ እንጂ አልቀረም። ተጠርጣሪዎችን ሰብስቦ ጥፋተኛውን መግለጥም በቴሌቪዥን ድራማ ሳይቀር ይታያል።

ለዚህ ዓይነቱ ድርሰት ጎንደርን የሚያህል መድረክ ማግኘት ይከብዳል። የፋሲል ግቢ 900 ሜትር ያህል በሚሆን አጥር የተከበበ ነው፤ 12 በሮች አሉት። ማን በየትኛው በር ገባ፣ በየትኛው ወጣ ማለት ብቻውን አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። የቤተ መንግሥቱ ታሪክም ደም አያጣም። ታላቁ አፄ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1706 ተገደሉ። በእሳቸው ዙፋን የተቀመጡት ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በ1708 በተራቸው ተገደሉ። የኢያሱን ገዳዮች የቀጧቸው ቀጥለው የነገሡት የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ ናቸው።

የአገሩ የምርመራ ልማድም ለደራሲ የተዘጋጀ ነው። በአፈርሳታ ነዋሪው አንድ ቦታ ይሰበሰብ ነበር፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር። ካልተገኘ ካሳው የሁሉም ዕዳ ነበር። ሁሉም ተጠርጣሪ፣ ሁሉም ምስክር ይሆናል። የሌባሻይ ነገር ግን ከኖክስ ደንብ ጋር ይጋጫል። መድኃኒት የጠጣው ልጅ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ደንቡን የሚያከብር ደራሲ በዚህ መንገድ ምስጢሩን ሊፈታ አይችልም፤ ንጹሕ ሰው ለማስወንጀል ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም።