«አስክ» እና ተመሳሳይ የሚባሉት ቃላት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ጠየቀ» በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል መዝገበ ቃላት ገልጦ የፈለገ ሰው አስክ፣ ሪኩዌስት፣ ዲማንድ፣ ኢንኳየር፣ ኩዌስችን የሚሉ ቃላት ጎን ለጎን ተሰልፈው ያገኛል። ተማሪው ከነዚህ መካከል የወደደውን ያነሳል፤ አብዛኛውን ጊዜም የሚያነሳው ረጅሙን ነው። እነዚህ ቃላት ግን አንዱ በሌላው ቦታ እንደልብ የሚገባ አይደሉም። በማመልከቻና በኢሜይል ላይ ቅን ሰዎችን ጥቂት የማይባል ዋጋ የሚያስከፍል ስህተት ስለሆነ፣ የተለመዱትን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ዲማንድ ማለት መፈለግ ነው»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ከየት እንደመጣም ግልጽ ነው። በኢኮኖሚክስ ትምህርት «ሰፕላይ እና ዲማንድ» ሲባል አቅርቦትና ፍላጎት ማለት ነው። ተማሪው ስሙን በዚህ ትርጉም ይለምድና ግሡም እንደዚያው ይመስለዋል። ግሡ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ዲማንድ የሚያደርግ ሰው «ይገባኛል» ብሎ፣ እምቢታን ሊሰማ ሳይዘጋጅ የሚጠይቅ ሰው ነው። አድማ የመቱ ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ ዲማንድ ያደርጋሉ። ሰው ያገተ ወንበዴም የማስለቀቂያ ገንዘብ ዲማንድ ያደርጋል። እንግዲህ አንድ ትሑት ወጣት ለውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ «አይ ዲማንድ ኤ ስኮላርሺፕ» ብሎ ቢጽፍ፣ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው የሚሰማው «ነጻ የትምህርት ዕድሉን የግድ ስጡኝ» የሚል ትእዛዝ ነው። ሰውየው ሳያውቅ ራሱን ትዕቢተኛ አድርጎ አቀረበ ማለት ነው።

ቃሉ ከፈረንሳይኛ የተወረሰ ነው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለሆነ፣ እንዲህ ያሉ ቃላት ወደ እንግሊዝኛ በብዛት ገቡ። በፈረንሳይኛ «ደማንዴ» ዛሬም ተራው መጠየቅ ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ከርሮ ቀረ። ስለዚህ ፈረንሳይኛ የተማረ ሰው ከሌላው ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባል።

«ሪኩዌስት ከአስክ ይልቅ ትሕትና አለው»

ይህ አመለካከት የሚመጣው ከመልካም አስተዳደግ ስለሆነ አከብረዋለሁ። በአማርኛ አክብሮት በግሡ ላይ ይታያል፤ «ጠይቅ» እና «ይጠይቁ» አንድ አይደሉም። እንግሊዝኛ «አንተ»ን ከ«እርስዎ» ስለማይለይ፣ ተናጋሪው ያጣውን አክብሮት በከባድ ቃል ሊተካው ይሞክራል። ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ ትሕትና የሚገኘው ከግሡ ክብደት አይደለም፤ «ኩድ»፣ «ሜይ» እና «ውድ» ከሚሉት ረዳት ግሦችና ነገሩን በጥያቄ መልክ ከማቅረብ ነው። «ሜይ አይ አስክ ዩ» የሚለው ከ«አይ ሪኩዌስት ዩ» ይልቅ የለዘበ ነው። ሪኩዌስት የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። ግድግዳ ላይ «ደንበኞች ተራ እንዲጠብቁ ይጠየቃሉ» ተብሎ ሲለጠፍ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ አለው፤ መልኩ ልመና፣ ውስጡ መመሪያ ነው። ለመምህር ወይም ለአለቃ ሲጻፍ ቀለል ያለው አስክ ያምራል።

በዚያ ላይ «አይ ሪኩዌስት ፎር» የሚለው አጻጻፍ የሰዋስው ስህተት ነው። «ፎር» የሚከተለው ሪኩዌስት ስም ሲሆን ነው፤ ግስ ሲሆን የተጠየቀው ነገር ወዲያውኑ ይከተላል።

«አስክ ለጥያቄ ብቻ ነው፤ መለመን ከሆነ ቤግ ይባላል»

በማቴዎስ ወንጌል 7፥7 አማርኛው «ለምኑ» የሚለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ «አስክ» ይለዋል። ቤግ የመንገድ ዳር ልመና ወይም ጭንቅ ውስጥ የገባ ሰው ተማጽኖ ነው፤ ለዕለት ተዕለት ልመና አስክ ይበቃል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። በግእዝም «ሰአለ» የለመነም የጠየቀም ነው፤ በቅዳሴ «ሰአሊ ለነ ቅድስት» ሲባል የምንሰማው ይኸው ቃል ነው። በእስራኤልና በዐረብ አገሮች የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን እዚህ ላይ ይቸገራሉ፤ ዕብራይስጥ ለጥያቄ «ሻአል»፣ ለልመና «ቢኬሽ» ብሎ ስለሚለይ፣ ዐረብኛም «ሰአለ» እና «ጠለበ» ስላለው፣ በእንግሊዝኛም ሁለት ግስ ይፈልጋሉ።

እንግሊዝኛ ልዩነቱን የሚያሳየው በግሡ ሳይሆን «ፎር» በምትለው ትንሽ ቃል ነው። አንድ ሆቴል ገብታችሁ «አስክ ዘ ማናጀር» ብትባሉ ሥራ አስኪያጁን ጠይቁት ማለት ነው። «አስክ ፎር ዘ ማናጀር» ከተባላችሁ ደግሞ «ሥራ አስኪያጁን አገናኙን» በሉ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሥራ አስኪያጁ ተጠያቂው ሰው ነው፤ በሁለተኛው የምትጠይቁት ሌላ ሰው ሆኖ የምትፈልጉት እርሱን ነው። ይህን አንድ ነጥብ አጥብቆ የያዘ ተማሪ አምስት ተመሳሳይ ቃላት ከሸመደደው ይሻላል።

«አማርኛው ጠየቀ ካለ እንግሊዝኛው አስክ ይላል»

ወዳጃችን ታሞ ሆስፒታል ሄደን «ጠየቅነው» እንላለን። ይህን በአስክ የተረጎመ ሰው፣ እንግሊዛዊው «ምን ብላችሁ?» እያለ ቀሪውን ይጠብቃል። ትክክለኛው ግስ «ቪዚት» ነው። «አስክ አፍተር» የሚል አባባል አለ፤ እርሱ ግን አልጋው ድረስ መሄድን አያመለክትም፤ «እንዴት ሆነ? ተሻለው?» ብሎ ሌላውን ሰው ስለ ታማሚው መጠየቅ ነው። «በሕግ ይጠየቃል»ም እንዲሁ በአስክ አይተረጎምም፤ ኃላፊነትን የሚገልጽ ሌላ ቃል ይፈልጋል። ሽማግሌ ልኮ ልጅቷን የጠየቀውስ? ይህ ሳይታሰብ ይገጥማል፦ በእንግሊዝኛም እጇን «አስክ ፎር» ያደርጋል።

«ኩዌስችን እና ኢንኳየር ያው ናቸው»

አይደሉም። ኩዌስችን ግስ ሲሆን መመርመር ወይም መጠራጠር ነው። ፖሊስ ተጠርጣሪን ኩዌስችን ያደርጋል። ተማሪ መምህሩ የተናገረውን ኩዌስችን አደረገ ከተባለ ጥያቄ አላነሳም፤ የመምህሩን ቃል ጥያቄ ውስጥ አስገባው። ኢንኳየር ደግሞ መረጃ ማጠያየቅ ነው፤ ሰውን በቀጥታ አያስከትልም፤ «ኢንኳየር አባውት» ይባላል እንጂ «ኢንኳየር ሚ» አይባልም። «ኢንቱ» ከተከተለው ትርጉሙ ጉዳይን ማጣራት ይሆናል።

«አክስ ያልተማረ ሰው አነጋገር ነው»

ይህ በተለይ አሜሪካ ልጆች የሚያሳድጉ ወላጆችን ይመለከታል። ልጁ ጥቁር አሜሪካውያን ጓደኞቹ «አስክ»ን «አክስ» ሲሉት ሰምቶ ቤት ሲመጣ፣ ብዙ ወላጅ «እንደ መሃይም አትናገር» ብሎ ይገሥጸዋል። ተግሣጹ መሠረት የለውም። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለቱም አባባሎች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር «አክስ» ብሎ ጽፏል። ማይልስ ከቨርዴል እ.ኤ.አ. በ1535 ባሳተመው፣ በእንግሊዝኛ ሙሉ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያ የማቴዎስ «ለምኑ» የሚነበበው «አክስ» ተብሎ ነው። ኋላ «አስክ» የጽሑፍ ቋንቋው ደንብ ሲሆን፣ «አክስ» ደግሞ በአንዳንድ የእንግሊዝ አካባቢዎች፣ በካሪቢያንና በጥቁር አሜሪካውያን አንደበት ቀጠለ።

ትምህርት ቤትና የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቁት «አስክ»ን መሆኑን ለልጁ መንገር ተገቢ ነው። ጓደኞቹ ቋንቋ የማያውቁ ናቸው ብሎ መንገር ግን ሐሰት ነው፤ ልጁም እነርሱን እንዲንቅ ያስተምረዋል።