ድድ ሲደማ ብሩሽ ማቆም? ስለ ድድ በተለምዶ የምንላቸውና እውነታው

«ድዴ ስለሚደማ መቦረሽ ትቻለሁ።»

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው አባባል ይሄ ይመስለኛል። ጤነኛ ድድ ለስላሳ ብሩሽ ስለነካው ብቻ አይደማም። የሚደማው ቀድሞውኑ ስለተቆጣ ነው። ያስቆጣው ደግሞ ጥርስና ድድ የሚገናኙበት መስመር ላይ የሚጋገረው ፕላክ፣ ማለትም የባክቴሪያ ንብርብር ነው። መቦረሽ ሲቆም ንብርብሩ ይወፍራል፣ ድዱም ይብስበታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጤነኛ ድድ ያላቸው 12 ሰዎች አፋቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ ተደረገ። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ። ማጽዳት ሲጀምሩ ደግሞ ዳነላቸው።

ስለዚህ ቢደማም በለስላሳ ብሩሽ፣ ቀስ ተብሎ፣ ጠዋትና ማታ መቦረሽ ነው። ብሩሹን ወደ ድዱ ትንሽ ዘንበል ማድረግ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል። በጥርሶች መሃል ደግሞ የጥርስ ክር። በሁለት ሳምንት ካልቆመ ሐኪም ይየው።

«ካላመመኝ ምን ሆንኩ?»

የተቦረቦረ ጥርስ እንቅልፍ ይነሳል። የድድ በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሄደው። ድድ ከጥርሱ እየተላቀቀ ኪስ ይፈጠራል፤ እዚያ ውስጥ ብሩሽ አይደርስም። ከሥር ጥርሱን የያዘው አጥንት ይበላል። መቆጣት ብቻ እያለ ከተደረሰበት ሙሉ በሙሉ ይድናል። የጠፋ አጥንት ግን በአብዛኛው አይመለስም። ሕክምናው ባለበት እንዲቆም ማድረግ ነው።

«ሐኪም ቤት ጥርስ መታጠብ ጥርስ ያሳሳል፣ ያነቃንቃል።»

ይሄ ዝም ብሎ የመጣ ፍርሃት አይደለም፤ ሰዎች በአፋቸው የሚያዩት ነገር አለ። ያልጸዳ ፕላክ በምራቅ ውስጥ ባሉ ማዕድናት ጠንክሮ ታርታር ይሆናል። ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ቢፈተግ በብሩሽ አይነሳም። ባለሙያው ሲያነሳው ምላስ ከታች ጥርሶች ጀርባ አዲስ ክፍተት ታገኛለች። «ጥርሴን ፈለቀቀው!» ይባላል። ክፍተቱ ግን ድሮም ነበረ፣ ታርታሩ ሞልቶት ነው። አብጦ የነበረው ድድ ሲሟሽሽም የጥርሱ ሥር ይገለጣል፤ ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ጊዜ ሊጠዘጥዝ ይችላል። ከእጥበቱ በኋላ የሚነቃነቅ ጥርስ ካለም፣ ቀድሞ ሳይነቃነቅ የቆየው ታርታሩ ከጎረቤቱ ጋር አጣብቆት ስለነበር ነው። ጥርሱን ያላላው አጥንቱ መበላቱ እንጂ እጥበቱ አይደለም።

«አጨሳለሁ፣ ድዴ ግን ደምቶ አያውቅም።»

ይሄኛው ያሳስበኛል። ማጨስ የድድን የደም ዝውውር ስለሚቀንስ በሽታው እያለ መድማቱ ይደበቃል። አጫሽ ሳይደማ ነው ጥርሱ የሚላላው።

«ጠንካራ ብሩሽ የበለጠ ያጸዳል።»

አያጸዳም። ድድን ወደ ኋላ ያሸሸዋል፣ ጥርስንም ይፍቃል። በአፍ መጉመጥመጫ መተማመንም ያው ነው፤ የተጋገረን ፕላክ አጥቦ አይወስድም።

«ነፍሰ ጡር ስትሆኚ ሕፃኑ ካልሲየሙን ከጥርስሽ ይወስዳል።»

አይወስድም። የእርግዝና ሆርሞን ድድን ቶሎ እንዲቆጣ ያደርገዋል፣ ያ ነው። ጥርስ መታጠብም በእርግዝና ጊዜ ይቻላል።

«ድድ የአፍ ጉዳይ ብቻ ነው።»

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ለድድ በሽታ የበለጠ ይጋለጣል። የተበላሸ ድድም በተራው ስኳሩን መቆጣጠር ያከብዳል። ስኳርዎ አልስተካከል ካለ ድድዎንም ያስመርምሩ።