«የውጊያ ወቅት» ምንድን ነው?

የአፍጋኒስታንን ጦርነት ለዓመታት የተከታተለ ሰው «የውጊያ ወቅት» ሲባል ሳይሰማ አይቀርም። የተራራው በረዶ ሲቀልጥ የሚጀምርና በረዶው ሲመለስ የሚበርድ፣ በግምት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ያለው ጊዜ ነው። የሟች የውጭ ወታደሮች ቁጥር በየወሩ ሲደረደር ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ዝቅ ይላል፣ ከጁን እስከ ኦገስት ያሻቅባል። እ.ኤ.አ. በጁን 2010 ብቻ በአሜሪካ ይመራ የነበረው የጥምር ጦር ከ100 በላይ ወታደሮች ተገድለውበታል፤ በጦርነቱ ሁሉ ለጥምር ጦሩ ከዚያ የከፋ ወር አልነበረም።

ለእኛ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ ወራቱ ግን ይገለበጣሉ። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935 መረብን የተሻገረው ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅለት ነው። እኛ ዘንድ ሠራዊት የሚከርምባቸው ሰኔና ሐምሌ እዚያ ደም የሚፈስባቸው ናቸው።

ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በረዶው ከፓኪስታን የሚያሻግሩትን የተራራ መተላለፊያዎች ስለሚዘጋ ሰውና ጥይት እንደ ልብ አያልፍም። በደቡብ፣ በተለይ በሄልማንድ ክፍለ ሀገር፣ ታሊባን እ.ኤ.አ. በ2022 እስኪከለክለው ድረስ የኦፒየም፣ ማለትም ከአበባ ፍሬ የሚወጣው አደንዛዥ ዕፅ፣ አዝመራ ነበር። በኤፕሪልና በሜይ የአበባው ፍሬ በትንሽ ምላጭ ይጫራል፤ የወጣው ነጭ ወተት አድሮ ሲጠቁር በማግስቱ ተፍቆ ይሰበሰባል። ፍሬ በፍሬ የሚሠራ ነውና እጅ ይፈልጋል፣ የመንደሩ ጎልማሳ ሁሉ ማሳ ላይ ይውል ነበር። አዝመራው ሲያልቅ የታሊባን ታጣቂዎች ሰውም ገንዘብም ያገኙ ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያስገርመኝ የቅጠል ነገር ነው። ካንዳሃር አጠገብ ባለው በዠሪ ወረዳ ወይን የሚበቅለው ከጭቃ በተሠሩ ረጃጅም መደቦች ላይ ሲሆን በመደቦቹ መካከል እንደ ምሽግ ጥልቅ የሆነ ቦይ አለ። በብርዱ ወራት ቅጠሉ ረግፎ ቦዩ ከሰማይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጁላይ ግን አረንጓዴው ሁሉን ይሸፍነዋል፤ ከጎን ያለው ቦይ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አይታይም፣ ሄሊኮፕተርም ድሮንም ብዙ አይረዳም። ወይን የሚደርቅባቸው ወፍራም የጭቃ ቤቶች ደግሞ አየር ማስገቢያ ቀዳዳቸው ለተኳሽ የተሠራ ይመስላል።

ታሊባንም ወቅቱን አውቆ ይጠቀምበት ነበር። በየዓመቱ በጸደይ ዘመቻውን ስም ሰጥቶ ያውጃል፦ እ.ኤ.አ. የ2018ቱ «አል ኸንደቅ»፣ የ2019ኙ «አል ፈትህ» ተብለዋል።

እንግዲህ በፌብሩዋሪ «የሟች ቁጥር ከኦገስት ወዲህ በግማሽ ቀነሰ» ቢባል ስለ ድልም ስለ ሽንፈትም የሚነግረን ነገር የለም፤ የቀነሰው በረዶ ስለጣለ ሊሆን ይችላል። ጁላይ መነጻጸር ያለበት ካለፈው ዓመት ጁላይ ጋር ነው። ያም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንድ ክስተት ወሩን ሊለውጠው ይችላል። ኦገስት 6 ቀን 2011 ወርዳክ ውስጥ አንድ ቺኑክ ሄሊኮፕተር ተመትቶ ሲወድቅ 30 አሜሪካውያንና 8 አፍጋኖች በአንድ ሌሊት አልቀዋል።

ወቅት የሁሉም ጦርነት ሕግ አይደለም። ኢራቅ ውስጥ ለአሜሪካ ጦር ከሁሉም የከፋው ወር ኖቬምበር 2004 ነበር፤ ምክንያቱም የፋሉጃ ከተማ ውጊያ እንጂ አየሩ አይደለም።

የውጭ ወታደሮች ሲቀንሱ ደግሞ ሸክሙ አፍጋኖች ላይ ወደቀ። ፕሬዚዳንት አሽራፍ ጋኒ በጃንዋሪ 2019 እንደተናገሩት፣ እሳቸው ሥልጣን ከያዙበት ከ2014 ወዲህ ከ45,000 በላይ የአገሪቱ የጸጥታ ኃይሎች ተገድለዋል። አሜሪካ ከታሊባን ጋር ዶሃ ላይ በተፈራረመችው ስምምነት መሠረት በሜይ 1 ቀን 2021 ልትወጣ የነበረው ጊዜው ተራዝሞ መውጣቱ በውጊያው ወቅት መሐል ገባ፤ ታሊባን ካቡል የደረሰው ኦገስት 15 ነው።