ተሰርቆ የተገኘ መኪና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ኢንሹራንስ በመሸጥ ነው የምተዳደረው። ደንበኞቼ በብዛት የእኛው ሰዎች ናቸው። ኡበርና ሊፍት የሚነዱ፣ ሆስፒታል ሌሊት የሚሠሩ፣ ፓርኪንግ ላይ የሚውሉ። መኪና ሲሰረቅባቸው ለእኔ ይደውላሉ። መኪናው ሲገኝ ደግሞ እንደገና ይደውላሉ፤ ያኔ የመጎተቻና የማቆያ ሂሳብ ስለሚጠብቃቸው ንዴታቸው ከመጀመሪያውም ይብሳል። «የተሰረቅኩትም እኔ፣ የምከፍለውም እኔ?» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አዎ ነው። ይህን መልስ ደጋግሜ መስጠት ሰልችቶኛል። ይበልጥ የሰለቸኝ ግን ቀድመው ቢያውቁ የማይከፍሉትን ገንዘብ ሲከፍሉ ማየት ነው።

«ተጎጂ ስለሆንኩ ማንም አያስከፍለኝም»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው፤ ብዙ ሰው የሚከስረውም በዚሁ ነው።

አገር ቤት የተሰረቀ ንብረት ሲገኝ ኤግዚቢት ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ይቆማል። ባለቤቱ ሄዶ ፈርሞ ይረከባል። ሰዎቻችን እዚህም እንደዚያ ይመስላቸዋል። እዚህ ግን ፖሊስ የተሰረቀ መኪና ሲያገኝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው የግል የቶው (መኪና ጎታች) ድርጅት ነው። ድርጅቱ ከከተማው ጋር ውል አለው፣ ወይም በተራ ይጠራል። በብዙ ቦታ ከተማው ለድርጅቱ ምንም አይከፍልም። ድርጅቱ ገንዘቡን የሚያገኘው መኪናውን ሊወስድ ከሚመጣው ሰው ነው። ሕጉም እስኪከፈለው ድረስ መኪናውን በመያዣነት እንዲያቆይ ይፈቅድለታል። ስለዚህ መኪናው የተያዘበት ግቢ መስኮት ጋ ቆማችሁ «እኔ እኮ ተሰርቄ ነው» ብትሉ ሠራተኛዋ ታዝንላችሁ ይሆናል እንጂ ሂሳቡን መሰረዝ አትችልም።

ፍትሕ ነው ወይ? አይደለም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው። የመጎተቻው ክፍያ አለ። ማቆያው በየቀኑ ይቆጠራል። አንዳንድ ከተማ የራሱን የአስተዳደር ክፍያ ይጨምርበታል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ከሄዳችሁ ለበሩ መክፈቻም ሊጠየቅ ይችላል። አንድ ሳምንት ከቆየ ሂሳቡ ከአሮጌ መኪና ዋጋ ጋር ይቀራረባል። የመኪና ማቆሚያ ግቢ የሌለው፣ አሮጌ መኪና የሚነዳ፣ ኢንሹራንሱን በትንሹ የገዛ ሰው ነው በዚህ የሚጎዳው። ሕጉ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ለከተማ ምክር ቤት አባላችሁ ጻፉ፤ አንዳንድ ከተሞች ደንባቸውን የለወጡት ሰው ስለጮኸ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ለምሳሌ ለተሰረቀ መኪና የመጎተቻውን ክፍያ የሚተውበት አሠራር አላት።

እስከዚያው ግን ሁሉም ነገር የሚወሰነው በሪፖርቱ ሰዓት ነው። ክፍያ የሚተው ከተማ በአብዛኛው የሚያየው ስርቆቱ መቼ ለፖሊስ እንደተነገረ ነው። ቺካጎ ላይ ሌባው በመኪናችሁ ለሠራው ጥፋት ከተማው ቅጣት ሲጥል መኪናው ተሰርቆ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ይህ የሚሠራው ግን ስርቆቱ ከታወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ሪፖርት ከተደረገ ብቻ ነው። አንድ ደንበኛዬ ጠዋት መኪናውን ሲያጣው «ወንድሜ ወስዶት ይሆናል» ብሎ ዝም አለ። ወንድሙ ሥራ ላይ ነበር፣ ስልክ አያነሳም። ማታ ሲገናኙ ነው እውነቱ የታወቀው። ለፖሊስ ያመለከተው በማግስቱ ነው። በዚያ መሃል መኪናው ሌላ ሰፈር መንገድ ዘግቶ ቆሞ ነበር፤ ፖሊስ አግኝቶት እንደ ተራ የተተወ መኪና አስጎትቶታል። ሪፖርቱ ከመጎተቱ በኋላ ስለመጣ የሚሰማው አጣ። እባካችሁ መኪናው በቦታው ከሌለ መጀመሪያ ቶው ተደርጎ እንደሆነ አጣሩ። ካልሆነ እዚያው ቆማችሁ ለፖሊስ ደውሉ። ወንድማችሁን በኋላ ትጠይቁታላችሁ።

«ሲገኝ ያሳውቁኛል፣ እጠብቃለሁ»

ያሳውቃሉ። ግን እንዴት? በማታውቁት ቁጥር ይደውላሉ፤ የእኛ ሰው ደግሞ የማያውቀውን ቁጥር አያነሳም። ብዙ ፖሊሶች መኪናውን እንዳገኙ ባለቤቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ መድረስ ከቻለ ቶው ሳይጠሩ ያስረክቡታል። ያ አንድ ስልክ ካመለጣችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሚሄደው መኪናው የተመዘገበበት አድራሻ ነው። ቤት ቀይራችሁ ለመኪና ምዝገባ ቢሮው ካላሳወቃችሁ፣ ደብዳቤው የድሮው አፓርታማ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ሂሳቡ በየቀኑ ያድጋል።

ሪፖርት ስታደርጉ ሁለት ስልክ ስጡ፤ የእናንተንና ስልኩ የማይጠፋ የቤተሰብ ሰው። ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ ይህ ግዴታ ነው። መኮንኑ ሲደውል «እየመጣሁ ነው፣ እባክህ ቶው አትጥራ» በሉ። ራሳችሁ መድረስ ካልቻላችሁ ማን እንደሚመጣ ስሙን ንገሩት። መኪናው ለአሻራ ምርመራ ይያዝ እንደሆነም ጠይቁ። ከተያዘ በእነዚያ ቀናት የማቆያውን ሂሳብ ማን እንደሚሸከም በጽሑፍ እንዲነግሯችሁ አድርጉ።

«የአጎቴ ልጅ ስም ላይ ቢሆንም መኪናው የእኔ ነው»

ለግቢው ጠባቂ የእናንተ አይደለም። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) እና ምዝገባው በማን ስም ነው? የሚለቁት ለእሱ ነው፣ ወይም እሱ ፈርሞ ለወከለው፤ ብዙ ቦታ በኖታሪ የተረጋገጠ ወረቀት ይፈልጋሉ። የአጎት ልጅ አዲስ አበባ ለሠርግ ሄዶ ሳለ መኪናው የተሰረቀበት ደንበኛ ነበረኝ። ወረቀቱ እስኪመጣ ማቆያው ሲቆጠር ከረመ። ስሙን አሁኑኑ አስተካክሉ። ምዝገባው ጊዜው ያለፈበት መኪናም እየነዱት እንዳይወጡ ሊከለክሏችሁ ይችላሉ።

«ኢንሹራንስ አለኝ»

የትኛው? ላያቢሊቲ ብቻ ከሆነ የሚሸፍነው እናንተ በሌላ ሰው ላይ ያደረሳችሁትን ጉዳት ነው፤ ስርቆትን አይነካም። ስርቆት የሚሸፈነው ኮምፕሪሄንሲቭ በሚባለው ነው። እሱ ካላችሁ ተገቢ የሆነ የመጎተቻና የማቆያ ወጪ ብዙ ጊዜ በክሌሙ (በካሳ ጥያቄው) ውስጥ ይገባል፤ ዲዳክቲብሉ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት፣ ግን የእናንተ ነው። ዲዳክቲብላችሁ 1,000 ዶላር ሆኖ ሂሳቡ 600 ከሆነ የሚመለስላችሁ የለም።

መኪናው መገኘቱን እንደሰማችሁ ለኢንሹራንሱ ደውሉ፤ ነገ አትበሉ። ኩባንያው ማቆያ ወደማይቆጠርበት የራሱ ግቢ ሊያዛውረው ይችላል። ከዘገያችሁ የዘገያችሁበትን ቀናት አልከፍልም ይላል፤ ያኔ እኔም ልረዳችሁ አልችልም። ለምትክ መጓጓዣ የሚሰጠው ገንዘብም ከመጀመሪያው ቀን አይጀምርም። በመደበኛ ፖሊሲ ላይ የሚጀምረው ከስርቆቱ ከ48 ሰዓት በኋላ ነው። የተለመደው መነሻ በቀን 20 ዶላር ሆኖ እስከ 600 ዶላር ነው።

«ኡበር ይከፍልልኛል»

ቤት በር ላይ ቆሞ ለተሰረቀ መኪና አይከፍልም። የኡበርና የሊፍት የመኪና ጉዳት ሽፋን የሚሠራው ጥሪ ተቀብላችሁ ስትሄዱ ወይም ተሳፋሪ ይዛችሁ ስትጓዙ ነው። እሱም የራሳችሁ ኮምፕሪሄንሲቭ ካለ ብቻ፣ በ2,500 ዶላር ዲዳክቲብል።

«መኪናዬ ኪያ ስለሆነ ፋብሪካው ይክሰኛል»

ከ2011 እስከ 2021 የተሠሩ፣ በቁልፍ የሚነሱ ብዙ የኪያና የሃዩንዳይ መኪኖች ኢሞቢላይዘር (ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚያደርግ መሣሪያ) አልነበራቸውም። አሰራረቁ በቲክቶክ ከተሰራጨ በኋላ በየከተማው ተዘረፉ። ኩባንያዎቹ በፌብሩዋሪ 2023 ነፃ የሶፍትዌር ማሻሻያ አወጡ። በሜይ 2023 ደግሞ 200 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በሚያወጣ ስምምነት ባለመኪኖች ያቀረቡባቸውን ክስ ለመዝጋት ተስማሙ። ያ ግን ማመልከቻና ማስረጃ የሚጠይቅ፣ ቀነ ገደብ ያለው ስምምነት ነበር። መኪና በተሰረቀ ቁጥር የሚከፈል ካሳ አይደለም። ማሻሻያውን ያላስጫነ ሰው ካለ ዛሬ ዲለር ጋ ይሂድ። የመሪ መቆለፊያም ግዙ።

«የወንጀል ተጎጂዎች ካሳ ፈንድ አለ»

አለ፣ ግን በአጠቃላይ ለአካል ጉዳትና ለሞት እንጂ ለንብረት አይከፍልም። ሌባው ተይዞ ከተፈረደበት ፍርድ ቤቱ ወጪያችሁን እንዲከፍል ሊያዘው ይችላል፤ ለዚህ ደረሰኝ ሁሉ አስቀምጡ።

«ኤርታግ (ያለበትን ቦታ በስልክ የሚያሳይ መከታተያ) አለኝ፣ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ»

አትሂዱ። ቦታውን ለፖሊስ ንገሩ።

«ትቼላቸው እገላገላለሁ»

መኪናው ብድር ካለበት ብድሩ ይቀጥላል። ግቢው መኪናውን በሐራጅ ሸጦ ሂሳቡ ካልሞላለት ቀሪውን ሊጠይቃችሁ የሚችልበት ስቴት አለ፤ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ከሄደ ክሬዲታችሁን (የብድር ታሪካችሁን) ያበላሻል። መኪናው ዋጋ ከሌለው ታይትሉን ፈርማችሁ ለግቢው በመስጠት ሂሳቡ እንዲዘጋ መደራደር ይቻላል። ዕዳው መዘጋቱን የሚገልጽ ወረቀት ሳትቀበሉ ግን አትፈርሙ።

ለማንኛውም ዕቃችሁን አውጡ። ካሊፎርኒያ ላይ በሥራ ሰዓት የግል ዕቃን ያለ ክፍያ መውሰድ መብት ነው። ዋሽንግተን ስቴትም ዕቃው ለባለቤቱ እንዲመለስ ሕጉ ያዛል። የልጅ መቀመጫ፣ መድኃኒት፣ ፓስፖርት ጥሎ የሄደ ሰው አይቻለሁ።

«ችሎት ከጠየቅኩ ታሪኬን ሰምተው ይሰርዙልኛል»

ካሊፎርኒያም ሆነ ዋሽንግተን ስቴት ችሎት ለመጠየቅ ያላችሁ ጊዜ ማስታወቂያው ከተሰጠ ጀምሮ 10 ቀን ነው። ግን ችሎቱ የሚጠይቀው «ተሰርቀሃል ወይ?» አይደለም። የሚጠይቀው «መኪናው መጎተቱ ተገቢ ነበር ወይ?» ነው። ሰዎች ስለ ሌባው ብቻ አውርተው ይወጣሉ፣ ይሸነፋሉም። ይልቅ ሪፖርቱ የገባበትን ሰዓት፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝራችሁን፣ ደብዳቤው የተላከበትን ቀን፣ የሂሳቡን ዝርዝር ይዛችሁ ቅረቡ። ሳይደወልላችሁ ተጎትቶ ከሆነ፣ ወይም ያልተፈቀደ ክፍያ ተጨምሮ ከሆነ የሚያዋጣው ክርክር እሱ ነው።

ሌባው በመኪናችሁ ያመጣውን የካሜራና የፓርኪንግ ቲኬትም ዝም አትበሉት። ዋሽንግተን ዲሲ ስርቆትን እንደ በቂ መከራከሪያ ትቀበላለች፤ የፖሊስ ሪፖርት አያይዛችሁ መልስ መስጠት ግን የእናንተ ሥራ ነው።

«መኪናዬን ተረከብኩ፣ አለቀ»

መኪናው ሲሰረቅ ታርጋው በኤፍቢአይ በሚተዳደረው አገር አቀፍ መዝገብ ውስጥ ይገባል። ሲገኝ ካልተሰረዘ በፖሊስ ዓይን እናንተ የተሰረቀ መኪና ነጂ ናችሁ። ፖሊስ በዚህ ሲሳሳት ምን እንደሚደርስ ተመልከቱ። ኦገስት 2020 ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ፖሊሶች መሣሪያ ደግነው አንዲት ሴትና አብረዋት የነበሩ ልጆችን አስፋልት ላይ አስተኟቸው። ታርጋቸው በሌላ ስቴት ከተሰረቀ ሞተር ሳይክል ታርጋ ጋር ተምታቶ ነው። ከተማዋ በ2024 1.9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች። በተለይ በሌላ ስልጣን ክልል የተገኘ መኪና ካላችሁ፣ መጀመሪያ ሪፖርት ወዳደረጋችሁበት ፖሊስ ደውላችሁ ከመዝገቡ መውጣቱን አረጋግጡ። የመረከቢያውን ወረቀትም ኮፒ አድርጋችሁ ከመኪናው ሰነዶች ጋር አኑሩት።