የኤሌክትሪክ ፋን ምንድን ነው? ለጭነት መኪናስ ይሆናል?

ከመተማ ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ሞተሩ እስኪበርድ ሲጠብቅ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ ይሄዳል። ሾፌሩ የሙቀት ጌጁን ያያል። ሙቀት ያስመረረው ባለመኪና ጋራዥ ሲገባ ታዲያ አንድ ሐሳብ ይነሳል፦ «ፋኑን ለምን ወደ ኤሌክትሪክ አንቀይረውም?»

ሐሳቡ ለአንዳንዱ መኪና ጥሩ ነው። ለአንዳንዱ ግን ሞተር ያስበላል።

ሞተር ውስጥ የሚዞረው ውሃ ሙቀቱን ይዞ ወደ ራዲያተር ይመጣል። ራዲያተሩ ሙቀቱን ለአየር ያስረክባል። መኪናው ሜዳ ላይ በደንብ ሲሄድ አየሩ ከፊት ራሱ ስለሚገባ ፋን ብዙም አያስፈልግም። መኪናው ሲቆም ወይም ዳገት ላይ ሲያዘግም ግን አየሩን ስቦ በራዲያተሩ የሚያሳልፍ ነገር ያስፈልጋል። የፋን ሥራ ይኸው ነው።

አብዛኛው የጭነት መኪና ላይ ፋኑን የሚያዞረው ራሱ ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ፋኑም ይፈጥናል። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር፣ ፋኑም ይደክማል። ብዙዎቹ ላይ በመካከል የፋን ክላች አለ፤ ውስጡ ወፍራም የሲሊኮን ዘይት ይዟል። ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ክላቹ ፊት ላይ ያለችው የብረት ጥቅል ትንቀሳቀሳለች፣ ለዘይቱ መንገድ ትከፍታለች፣ ፋኑም ጠበቅ ብሎ ይይዛል። ሲበርድ ይላላል። ፋኑ ያኔ ከሞተሩ ብዙ ጉልበት አይወስድም።

የኤሌክትሪክ ፋን ከሞተሩ ቺንጋ (ቀበቶ) ጋር ጉዳይ የለውም። የራሱ ትንሽ ሞተር አለው፣ ኃይሉንም ከባትሪና ከዲናሞ ያገኛል። ውሃው የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ የሙቀት ሴንሰሩ ለሪሌው (በምልክት ለሚሠራው ማብሪያ) ምልክት ይሰጣል፣ ፋኑ ይነሳል። ሲበርድ ይቆማል። ትልቁ ጥቅሙ የሞተሩን ፍጥነት አለመጠበቁ ነው። ከተማ ውስጥ ተሰልፎ ሲቆም፣ ኤሲ ተከፍቶ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን፣ ፋኑ በሙሉ ኃይሉ መዞር ይችላል። ጠዋት ሞተሩ ገና ሲነሳም ፋኑ ስለማይዞር በቶሎ ይሞቃል። ጥቂት ነዳጅም ይቆጥባል።

እስካሁን ሁሉም ደስ ይላል። አሁን ግን ሒሳቡን እንሥራ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው እዚህ ላይ ነው።

በ12 ቮልት የሚሠራ፣ 25 አምፔር የሚወስድ ፋን 300 ዋት ይፈጃል። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ፋን ግማሽ የፈረስ ጉልበት እንኳ አይሞላም። በሞተር የሚዞር የከባድ መኪና ፋን ግን በሙሉ ኃይሉ ሲዞር ከ20 የፈረስ ጉልበት በላይ ሊወስድ ይችላል። ያንን ያህል ጉልበት በ24 ቮልት ኤሌክትሪክ እንተካው ብንል ከ600 አምፔር በላይ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን የሚችል ዲናሞ ተራ የጭነት መኪና ላይ አይገኝም። ሁለት ሦስት የፒክአፕ ፋን ደርድሮ ሲኖትራክ ላይ መግጠም ስለዚህ መፍትሔ አይደለም።

በኛ አካባቢ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያሳልፈው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው፤ የሚወስደው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን አቅም እዚህ ሙሉ በሙሉ አናገኘውም ማለት ነው።

መንገዱንም እናስብ። ከገንዳ ውሃ ተነስቶ በጭልጋ በኩል ወደ አይከል የሚወጣ፣ ወይም ከዛሪማ ሊማሊሞን ይዞ ወደ ደባርቅ የሚወጣ የተጫነ መኪና፣ የሚሄደው በከባድ ማርሽ ነው። መኪናው ቀርፋፋ ነው፣ ሞተሩ ግን በኃይል ይዞራል። በሞተር የሚዞረው ፋን በጣም የሚበረታው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። የኤሌክትሪኩ ፋን ብልጫ የሚታየው ቆሞ ሲጠብቅ ነው፤ የኛን መኪናዎች የሚገድለው ዳገቱ ነው። ስለዚህ ለከባድ መኪና እኔ አልመክርም። ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ወይም ቀላል ጭነት ለሚይዝ ፒክአፕ ግን ጥሩ ሆኖ ከተገጠመ ይሆናል።

ከመቀየር በፊት ግን የሚሞቅበትን ምክንያት ፈልጉ። የተዘጋ ራዲያተርን የትኛውም ፋን አያድነውም። ከአሮጌ ክላች ዘይት ፈሶ እንደሆነ እዩ። ሞተሩ ጠፍቶ በእጅ ሲገፉት ፋኑ ያለ ምንም ክብደት ብዙ ዙር ከሄደ ክላቹ አልቋል። ይህን በቦሎን አስሮ ማስኬድ ለአንድ መንገድ ያደርሳል፤ ለዘለቄታው ግን ነዳጅ ይበላል፣ ሁልጊዜም ይጮኻል።

የራዲያተሩን ክዳን እባካችሁ አትናቁት። ጎንደር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ደህና ክዳን ግፊት አምቆ ይህን ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ያለው መኪና፣ ፋኑ ምንም ቢሆን፣ ቶሎ ይፈላል። ክዳን ከፋን ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም አይደለም። ብቻ ሞተሩ ትኩስ ሆኖ እንዳትከፍቱት።

መቀየሩ ከተወሰነ ሥራው በገመዱ ይለያል። ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ገመድ መጀመሪያ በፊውዝ፣ ቀጥሎ በሪሌ ያልፋል። ፋን ሲነሳ ለቅጽበት ከተለመደው በላይ ስለሚስብ ቀጭን ገመድ ይቀልጣል። ዲናሞው ሚኒሞ ላይ የሚሰጠው ከሙሉ አቅሙ ያነሰ ነው፤ ማታ መብራትና ፋን አብረው ሲሠሩ ባትሪው እንዳይወርድ አስቀድሞ ይለካ። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተው) 82 ዲግሪ ላይ የሚከፍት ከሆነ ፋኑ 92 አካባቢ ላይ ቢነሳ ጥሩ ነው። ከቴርሞስታቱ በታች ከተደረገ ፋኑ እረፍት አያገኝም።

ፋኑ ከራዲያተሩ ኋላ ሆኖ ዙሪያው በመከለያ ይዘጋ። ያለ መከለያ አየር የሚስበው በፋኑ ክብ ልክ ብቻ ነው። በራዲያተሩ ክንፎች መሃል የፕላስቲክ ማሰሪያ አሳልፎ ማሰርን እቃወማለሁ፤ እየተነቃነቀ ይበሳዋል። ሲያልቅ ፋኑን አስነስታችሁ ወረቀት ከራዲያተሩ ፊት ያዙ። ወረቀቱ ከተለጠፈ ደህና ነው። ከተገፋ ሁለቱ ገመዶች ተገላብጠዋል።

አንድ ማብሪያና አንድ ትንሽ መብራት ጋቢና ውስጥ ይደረግ። ሴንሰሩ ቢበላሽ ሾፌሩ ራሱ ያበራዋል፤ መብራቱም ፋኑ መነሳቱን ይነግረዋል። ክረምት ላይ ወንዝ ሲሻገርም ማጥፊያ ያስፈልገዋል። እየዞረ ውሃ ውስጥ የገባ ፋን ምላጩ ታጥፎ ራዲያተሩን ሊመታ ይችላል።