«ምን አድርገሽው ነው?» የሚባለው ነገር ይብቃ

የልጆች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። በሩ ላይ ሁልጊዜ የሚገጥመኝ ነገር አለ። እናት የታመመ ልጇን ይዛ ትገባለች። ገና ሳትቀመጥ አብሯት የመጣው ዘመድ ወደ እኔ ጠጋ ይልና «አሞላቅቃ አሳድጋው እኮ ነው» ይለኛል። እሷ አንገቷን ትደፋለች። አባትየው አጠገቧ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። እሱን ማንም ምንም አይጠይቀውም።

ዛሬ ይውጣልኝ። ስለ አእምሮ ሕመም ከምሰማቸው የተሳሳቱ አባባሎች ቀላል ቀላሎቹን ላስቀድም።

«ስኪዞፍሬኒያ ማለት አንድ ሰው ሁለት ሰው ሲሆን ነው።» አይደለም። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ከእውነታ የራቀ ነገር አጥብቆ ማመንና የሐሳብ መዘበራረቅ ነው።

«የአእምሮ ሕመምተኞች አደገኛ ናቸው።» አብዛኞቹ ማንንም አይነኩም። ይልቅ የሚደበደቡትና የሚሰደቡት እነሱ ናቸው።

«ጉርምስና ነው፣ ያልፋል።» አንዳንዱ ያልፋል። ግን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉ ልጆች ከ7ቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። በር ዘግቶ መነጫነጭ ጉርምስና ሊሆን ይችላል። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ጓደኞቹን በሙሉ ከራቀ፣ ገላውን መታጠብ ከተወ፣ ጎበዝ ተማሪ የነበረው አንድ ገጽ ማንበብ ካቃተው ግን ጉርምስና አትበሉት። አምጡት።

አሁን ወደ ዋናው፦ «ወላጅ ነው ያሳመመው።»

ይህ የሰፈር ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አልናደድም። የሚያበግነኝ ከእኛው ሙያ መውጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ፍሪዳ ፍሮም ራይክማን የምትባል የአእምሮ ሐኪም ስለ «ስኪዞፍሬኒያ አምጪ እናት» ጻፈች። ሊዮ ካነር የተባለው የልጆች የአእምሮ ሐኪም ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ የወላጆቹን ቅዝቃዜ አነሳ። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1960ዎቹ ነገሩን አራገበው። በ1964 ግን በርናርድ ሪምላንድ፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ሞገታቸው። ሳይንሱ ያንን ሐሳብ ከጣለው ስንት ጊዜው! ዘመዶቻችን ግን አልሰሙም።

በስኪዞፍሬኒያና በባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ በመጋልና በድባቴ መካከል የሚዋዥቅበት ሕመም) የዘር ድርሻ ከፍተኛ ነው። ዘር ብቻውን ግን አይወስንም። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑ መንትዮች አንዱ ስኪዞፍሬኒያ ሲይዘው፣ ሌላውም የሚታመመው ቢበዛ ግማሽ ያህል ጊዜ ነው። በእርግዝናና በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ችግር አለ። በለጋ ዕድሜ ካናቢስ መጀመር አለ። ልጅን መደብደብና መበደልም ጉዳት አለው፤ እሱን የሚክድ የለም። ማሞላቀቅ ግን ስኪዞፍሬኒያ አያመጣም። ሥራ የሚበዛባት እናትም ባይፖላር አታመጣም።

አራት ልጆች ያሳደጉ እናት መጡ። የታመመው ሦስተኛው ነው። አብረዋቸው የመጡት አክስት የተለመደውን ዘፈን ጀመሩ። «ሦስቱን ጤነኞችስ ማን አሳደጋቸው?» አልኳቸው። መልስ አልነበራቸውም። እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

የምቆጣው ለእናቶች አዝኜ ብቻ አይደለም። የተወቀሰ ወላጅ ልጁን ይደብቃል። ልጁ ወደ እኛ የሚመጣው ቆይቶ፣ ሕመሙ ሥር ከሰደደ በኋላ ነው። ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የመለያየት ሕመም፣ ደግሞ ሳይታከም በቆየ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል።

ይህን ስል «ታዲያ ቤት ውስጥ የምናደርገው ለውጥ የለውም» የሚል አይጠፋም። አለው እንጂ! ማምጣትና ማባባስ ይለያያሉ። በእንግሊዝ ተመራማሪው ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ከሆስፒታል የወጡ ሕመምተኞችን ተከታትለው ነበር። ነቀፋ፣ ጥላቻና ከልክ ያለፈ ጣልቃ ገብነት ወዳለበት ቤት በተመለሱት ላይ ሕመሙ ይበልጥ ያገረሽ ነበር። ቤተሰብ ስለ ሕመሙ ሲማር ደግሞ ማገርሸቱ ይቀንሳል።

አንድ አባት አውቃለሁ። ልጁ «ከግድግዳው ጀርባ ያሙኛል» ባለው ቁጥር፣ ግድግዳውን በቡጢ እየመታ «የታሉ? አሳየኝ!» ይለው ነበር። ልጁ ይበልጥ ይደነግጣል። «እኔ አይሰማኝም፤ አንተ ግን እንደምትሰማ አምናለሁ። ያስፈራል አይደል?» በለው አልነው። ክርክር የለም፣ ማስመሰልም የለም። ሌላም አለ። ሲያናግሩት አንድ ነገር ብቻ፣ በአጭሩ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ። ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ደግሞ አትሥሩለት። ሸሚዙን መቆለፍ የሚችል ልጅ ሸሚዙን ይቆልፍ።

«ክኒኑ ሱስ ያስይዘዋል።» የሳይኮሲስና የድባቴ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። በድንገት ሲቋረጡ ግን ሰውነት ሊረበሽ፣ ሕመሙም ሊያገረሽ ይችላል። ሱስ ሊያስይዙ የሚችሉት እንደ ዲያዜፓም ያሉት ማረጋጊያዎች ናቸው። «ተሻለው እኮ፣ አቆምንለት» የምትሉኝ ደግሞ፣ የተሻለው እየወሰደ ስለነበረ ነው! የጎንዮሽ ጉዳት መኖሩን አንክድም። ኦላንዛፒን ያወፍራል፣ ሃሎፔሪዶል ያንቀጠቅጣል። ንገሩንና መጠኑ ይስተካከላል ወይም መድኃኒቱ ይቀየራል። በራሳችሁ አታቋርጡ።

ስትመጡም «ደህና ነው» አትበሉ፤ እሱ ለሰላምታ ነው። አንዲት እናት ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ይዛ ትመጣለች። ቀኑ፣ ልጇ የተኛችበት ሰዓት፣ የነቃችበት ሰዓት፣ ክኒኑን መዋጧ። እንቅልፏ ከ8 ሰዓት ወደ 6፣ ከዚያ ወደ 4 ሲወርድ ደብተሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ። ልጅቷ እየሳቀችና እየዘፈነች ስለነበር ዘመዱ ሁሉ «ተሻላት» ብሎ ተደስቷል። የባይፖላሩ ማኒያ፣ ከልክ ያለፈው የስሜት መጋል፣ እየተመለሰ ነበር። ደብተሩ ባይኖር በጊዜ አንደርስበትም።

የመጨረሻው፦ «ራስን ስለማጥፋት ከጠየቅኩት ሐሳቡን አስገባበታለሁ።» አታስገቡም። ብዙ ጥናቶች ያዩት ነገር ነው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። ብዙ ልጆች እንዲያውም የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው ይተነፍሳሉ። ዙሪያውን አትዙሩ፤ «መሞት ትመኛለህ? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በሉት። በተለይ የድባቴ መድኃኒት በጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ቅርብ ሁኑ። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2004 ስለዚህ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በወጣቶች ላይ ሐሳቡ ሊጨምር ስለሚችል ነው። «አዎ» ካለ አትጩኹ፣ ስብከትም አትጀምሩ። ብቻውን አትተዉት። ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የአያቱንም ጭምር፣ ቆልፉበት። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ቀጠሮው የሚቀጥለው ሳምንት ነው ብላችሁ አትጠብቁ።